የጥንት ግሪኮች መልክዐ ምድርና የአገራችን ስሞች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ስም የተነገረ ቢሆንም፥ ስለ አገርና ስለ ወንዝ ስም ስናስብም ወደ ልባችን መምጣቱ አይቀርም። ሰው በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ስሙን ይቀበላል፤ ቀኑንም የሚያስታውስለት ወላጅ ወይም የክርስትና አባት አለው። ወንዝ ግን ስሙን ማን እንዳወጣለት፥ ተራራም በምን ዘመን እንደ ተሰየመ የሚመሰክርለት የለም። ስለዚህ የቦታን ስም ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከጥንታውያን መጻሕፍት፥ ከድንጋይ ጽሕፈትና ከሕዝብ አፍ ጥቂት በጥቂት እየቃረመ መሥራት ግዴታው ነው።

ቀድሞ ቤጌምድር ይባል በነበረው፥ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በምንለው አገር፥ ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን በእብናት ስንኖር፥ ከተማሪዎችና ከሽማግሌዎች ጋር በምናደርገው ጨዋታ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በጥንት ግሪኮች መጽሐፍ ስሟ የተጠራችው ኢትዮጵያ የእኛይቱ ኢትዮጵያ ናት ወይስ ሌላ?» የሚል ነው። አንዳንዱ ግሪኮች ኢትዮጵያ ብለው የጻፉት ሁሉ ስለ እኛ የተጻፈ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ ይህ እንዳልሆነ ከተረዳ በኋላ ተስፋ ቆርጦ፥ «እንግዲያውስ ስሙም የእኛ አይደለም፤ ባዕድ የለጠፈብን ነው» ወደ ማለት ይደርሳል። እኛ ሁለቱንም አሳብ ልንቀበል አልቻልንም። በመጀመሪያው ሐሰት፥ በሁለተኛውም መናቅ አለበትና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለአንባቢ ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስሙና የመጀመሪያው ወሬ

ግሪኮች በራሳቸው ቋንቋ፥ መጻሕፍታችን ጽርእ በሚሉት ማለት ነው፥ «አይቲዮፕስ» የሚል ቃል ነበራቸው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት «አይቶ» ማለት ማቃጠል፥ «ኦፕስ» ማለት ፊት ሲሆን፥ ሁለቱ ሲጋጠሙ ፊቱ በፀሐይ የጠቈረ ሰው የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በአገራችን በኩል ደግሞ ስሙ የመጣው ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ ነው የሚል ትውፊት አለ። ትውፊት የሕዝብን ልብ የሚያሳይ ስለ ሆነ ልንጥለው አይገባም፤ ነገር ግን አሁን የምንመረምረው ግሪኮች የጻፉትን ስለ ሆነ በእነርሱው ቃል እንሄዳለን።

ስለ ኢትዮጵያውያን ከተጻፉት የግሪክ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ነበረ የሚነገርለት የባለቅኔው የሆሜር ነው። ሆሜር «ኢሊያድ» በተባለው ድርሰቱ፥ የግሪኮች የአማልክት አለቃ ዜውስ በውቅያኖስ ዳር ወደሚኖሩት ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለግብዣ እንደ ሄደ ይተርካል። «ኦዲሲ» በተባለው በሁለተኛው ድርሰቱ ደግሞ፥ የባሕር አምላክ የሚሉት ፖሲዶን ወደ እነርሱው ዘንድ መሄዱን ካወራ በኋላ፥ ኢትዮጵያውያን በሁለት የተከፈሉ መሆናቸውን፥ እኩሌቶቹ በፀሐይ መውጫ፥ እኩሌቶቹም በፀሐይ መግቢያ የሚኖሩ መሆናቸውን ይናገራል።

ይህ ወሬ ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ስማችን በዚያን ያህል ዘመን በክብር መጠራቱን የሚወድ ብዙ ነውና። ዳሩ ግን አስተውሎ ያነበበ ሰው፥ ሆሜር አንድ ከተማ እንኳ በስም አለመጥራቱን፥ ወንዝ አለመጥቀሱን፥ የስንት ቀን መንገድ እንደ ሆነም አለመናገሩን ያያል። ለሆሜር የኢትዮጵያውያን አገር የዓለም ዳርቻ ነው። ግሪኮች በዓለም ዳርቻ የሚኖር ሕዝብ ለአማልክት የቀረበ፥ ግፍ የማያውቅ ጻድቅ ሕዝብ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያውያንን እንዳኖሩ፥ በሰሜንም በኩል ከሰሜን ነፋስ መነሻ ባሻገር ሂፐርቦሬያውያን የሚሏቸውን ሌላ ጻድቅ ሕዝብ አኑረዋል። ሂፐርቦሬያ የምትባል አገር በየትም አልተገኘችም። እንግዲህ የሆሜርን ቃል ለምስክርነት ስንጠራ፥ የጠራነው ምስክር አገሩን አይቶ የሚናገር ሳይሆን በሩቅ ሰምቶ የሚያመሰግን መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

የሚዘዋወር ስም

ከሆሜር በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎችም ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከአንድ ቦታ አላጸኑትም። የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ተብሎ የትሮያን ሰዎች ለመርዳት ዘመተ የሚባለው ሜምኖን፥ ባንዱ ታሪክ ከፋርስ አገር ከሱሳ የመጣ ሲሆን፥ በሌላው ደግሞ በግብፅ በቴብስ ከተማ የቆሙት ሁለት ታላላቅ ሐውልቶች የእርሱ ናቸው ተብሏል። እነዚያ ሐውልቶች በእውነቱ የግብፁ ንጉሥ የሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ናቸው። እንዲሁም የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ የነበረችው አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ የታሰረችበት ዐለት በፍልስጥኤም ጠረፍ በኢዮጴ እንደሚገኝ የሚያወሩ ነበሩ። ፋርስ፥ ግብፅ፥ ፍልስጥኤም፤ ስሙ እንደ መንገደኛ ከአገር አገር ይዞር ነበር ማለት ነው።

ስሙን በመጀመሪያ ጊዜ በታወቀ መንገድ ላይ ያኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ ነው። እርሱ ዛሬ አስዋን ከሚባለው ከተማ አጠገብ እስካለችው እስከ ኤሌፋንቲኔ ደሴት በዐይኑ እንዳየ፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን በመጠየቅና በመስማት እንደ ጻፈ ራሱ ያስታውቃል። ከዚያ በላይ ባለው የዓባይ ዳር የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ሜሮዌ እንደምትገኝ ጽፏል። ሜሮዌ ዛሬ በሱዳን አገር፥ ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ፍርስራሽዋና የነገሥታቷ ፒራሚዶች የሚታዩባት ቦታ ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰችው ህንደኬም ስሟ «ካንዳኬ» ከሚባለው ከሜሮዌ ንግሥታት ማዕርግ ጋር አንድ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ያው ሄሮዶቱስ ከሜሮዌ ሌላ «ረጅም ዕድሜ ያላቸው ኢትዮጵያውያን» ስለሚላቸው ሕዝብ ያወራል። የፋርስ ንጉሥ ካምቢሲስ ወደ እነርሱ ሰላዮች እንደ ላከ፥ ንጉሣቸውም ታላቅ ቀስት ለመልእክተኞቹ ሰጥቶ፥ ፋርሶች ይህን የመሰለውን ቀስት በቀላሉ መሳብ የቻሉ ቀን ይምጡብን እንዳለ፥ ሕዝቡም እስከ 120 ዓመት እንደሚኖር፥ እስረኞቻቸውም በወርቅ ሰንሰለት እንደሚታሰሩ ይተርካል። በአገራቸውም «የፀሐይ ማዕድ» የሚባል መስክ ነበር፤ ሹማምንት በሌሊት የተቀቀለ ሥጋ ያኖሩበታል፥ ሲነጋም የፈለገ ሁሉ እየቀረበ ይበላል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ ሊፈተን ይችላል። «ይህማ የእኛ ዝክር፥ የእኛ ሰንበቴ ነው» ለማለት ልቡ ይቸኵላል። እኛም በመጀመሪያ ስናነበው እንዲሁ አስበን ነበር። ነገር ግን ሄሮዶቱስ እነዚህን ሰዎች ያኖራቸው በደቡብ ባሕር አጠገብ፥ እርሱ ሊብያ በሚላት በአፍሪቃ ዳርቻ ነው፤ ወደዚያም ደርሶ የተመለሰ ምስክር አላቀረበም። የካምቢሲስ ጦርም በረኀብ ተጨንቆ ከመንገድ ተመለሰ። ስለዚህ የፀሐይን ማዕድ ከሰንበቴያችን ጋር ማመሳሰል ለጨዋታ ያማረ ይሆናል፤ ለታሪክ ግን መሠረት አይሆንም። የሚመስልን ነገር ሁሉ የእኛ ማለት እውነተኛው የእኛ የሆነው ነገር በተነገረ ጊዜ እንዳንታመን ያደርገናል።

የዓባይ ሙላት ምሥጢር

እውነተኛው የእኛ የሆነው ነገር የቱ ነው? ግሪኮች አገራችንን ሳያዩ ስለ አገራችን አብዝተው የተከራከሩበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዓባይ ሙላት ነው። በእነርሱ አገር ወንዞች በክረምት ሞልተው በበጋ ይጐድላሉ። የግብፁ ዓባይ ግን ፀሐይ በምትበረታበት፥ ሌላው ወንዝ ሁሉ በሚደርቅበት ወራት ሞልቶ መስኩን ያለብሳል። ይህ ለግሪክ ሊቃውንት ታላቅ እንቈቅልሽ ሆነባቸው።

አንዳንዶቹ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ወንዙን ወደ ባሕር እንዳይገባ ስለሚገታው ነው አሉ። ሌሎቹ ወንዙ ከውቅያኖስ ስለሚመነጭ ነው አሉ። አናክሳጎራስ የተባለው ፈላስፋ ደግሞ በኢትዮጵያ ያለው በረዶ ስለሚቀልጥ ነው አለ። ሄሮዶቱስ ይህን የመጨረሻውን አሳብ ተቃወመ፤ «ሰው ከፀሐይ ሙቀት የተነሣ ከሚጠቍርበት አገር በረዶ እንዴት ይገኛል?» ነበር የነገሩ ፍሬ። የፍለጋው ጥማት እስከዚህ ድረስ ነበርና፥ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ዓመት ህንድ አገር በደረሰ ጊዜ በኢንዱስ ወንዝ ውስጥ አዞ ቢያይ የዓባይን መነሻ ያገኘ መስሎት ነበር ይባላል።

ትክክለኛውን መልስ አስፍቶ ከጻፉት አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የክኒዶሱ አጋታርኪዴስ ነው። እርሱ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ፀሐይ የሰሜን ጫፏን ከምትነካበት ጊዜ አንሥቶ በመጸው ቀንና ሌሊት እኩል እስከሚሆኑበት ድረስ ዝናም ሳያቋርጥ ይዘንማል አለ። ይህን በእኛ አቈጣጠር ብንመልሰው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምት የምትለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለ ሆነ፥ የሩቁ ሊቅ ከእኛ ባሕረ ሐሳብ የራቀው በጥቂት ቀን ብቻ ነው። በዛሬው ዘመን በተደረገው ልክ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶው 85 የሚያህለው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑ ታውቋል።

አንባቢ ሆይ! የግሪክ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበትን ነገር ከጉና ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ በሐምሌ ወር ከደጁ ቆሞ ያየዋል። ርብ ሞልቶ መሻገሪያ ሲያሳጣ፥ ጉማራ አፈሩን ይዞ ደፍርሶ ወደ ፎገራ ሲወርድ፥ የግብፅ እርሻ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። ገበሬው ያላወቀው ውሃው የሚደርስበትን አገር ነው፤ ግሪኩም ያላወቀው ውሃው የሚነሣበትን አገር ነው። እያንዳንዳቸው ግማሹን ይዘው ሳይገናኙ ኖሩ።

የሁለቱ ወንዞች መለያያና መገናኛ

ግሪኮች ከሜሮዌ በላይ ስለሚገኙት ወንዞች የጻፉት ስም አለ። ኤራቶስቴኔስ፥ ከእርሱም ተቀብሎ ስትራቦን እንደ ጻፉት፥ ከምሥራቅ በኩል ወደ ዓባይ የሚገቡት ወንዞች አስታቦራስና አስታፑስ ይባላሉ። ሊቃውንት አስታቦራስ የዛሬው አትባራ፥ አስታፑስ ደግሞ የእኛ ዓባይ ነው ብለው ተርጕመዋል። በእነዚህ ወንዞች መካከል ያለውን አገር ግሪኮች «የሜሮዌ ደሴት» ይሉት ነበር። ዲዮዶሮስ የተባለው ጸሐፊ ርዝመቱን 3,000 ስታዲዮን፥ ወርዱን 1,000 ስታዲዮን አድርጎታል። አንዱን ስታዲዮን 180 ሜትር ያህል ብንቈጥረው፥ ርዝመቱ 540፥ ወርዱ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እውነተኛ ደሴት ግን አይደለም። በሦስት ወገን ወንዝ ቢከበውም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ክፍት ነው፤ ያም ክፍት በር ወደ እኛ ደጋ ይወጣል። ወደ ላይ እየወጣን ብንከተለው ወዴት ያደርሰናል? የእብናትን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው መልሱን አያጣውም። በዚህ አገር ከጋራው በአንዱ ፊት የዘነመው ውሃ ወደ ርብ ይወርዳል፤ ርብ ወደ ጣና፥ ጣናም ወደ ዓባይ ያደርሰዋል። በሌላው ፊት የዘነመው ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ በሱዳን ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። አንዱ ውሃ ጎጃምን ዞሮ በካርቱም በኩል ሜሮዌን ያልፋል፤ ሌላው በሰሜን ተራሮች ግርጌ ዞሮ በሌላው ወገን ይወርዳል፤ ሁለቱም ከካርቱም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቀው አትባራ ከዓባይ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ይገናኛሉ። በአንድ ጋራ ላይ የተለያዩ ሁለት የዝናም ጠብታዎች ግሪኮች ደሴት ያሉትን አገር ግራና ቀኝ ከበው እንደ ገና አንድ ይሆናሉ። እንግዲህ የሜሮዌ ከተማ የእኛ አልነበረችም፤ ደሴቲቱን ደሴት ያሰኛት ውሃ ግን ከእኛ ጋራ የወረደ ነው። ታሪክን በልኩ መናገር ማለት ይህ ነው።

ስለ ጣና ሐይቅም እንዲሁ ነው። ስትራቦን ከሜሮዌ በላይ ፕሴቦ የምትባል፥ ሰው የሚኖርባት ደሴት ያለባት ታላቅ ሐይቅ መኖሯን ጽፏል። በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በእስክንድርያ የነበረው የመልክዐ ምድር ሊቅ በጥሊሞስ ደግሞ አስታፑስ የሚወጣው ኮሎዌ ከሚባል ሐይቅ ነው አለ። ሁለቱም ስሞች ለጣና እንደ ተሰጡ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። በጥሊሞስ ግን ሐይቁን በምድር ወገብ አጠገብ ስላኖረው እጅግ ወደ ደቡብ አርቆታል፤ ጣና የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአዱሊስ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይም ኮሎዌ የምትባል ሌላ ከተማ ስለ ነበረች፥ ስሙ ብቻውን የሚያሳስት ሊሆን ይችላል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ይህ ሐይቅ በሩቅ አገር በሁለት ስም ሲጠራ፥ በዳሩ የሚኖረው ሕዝብ ጣና ይለዋል። ዛሬ ፕሴቦና ኮሎዌ የሚገኙት በመጽሐፍ ብቻ ነው።

የአዱሊስ ድንጋይ

እስካሁን ያየናቸው ጸሐፊዎች በሩቅ የሰሙ ናቸው። ደርሰው ያዩትም ነበሩ። በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ የኤርትራን ባሕር መንገድ የሚያስረዳ መጽሐፍ በግሪክኛ ጽፏል። ከአዱሊስ ወደብ እስከ ኮሎዌ ከተማ የ3 ቀን፥ ከዚያም እስከ አክሱም የ5 ቀን መንገድ መሆኑን፥ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ሁሉ በአክሱም በኩል እንደሚያልፍ፥ የአገሩ ንጉሥ ዞስካሌስም የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ መሆኑን መዝግቧል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የፀሐይ ማዕድ የለም፤ ያለው የዕቃ ዓይነትና የቀን መንገድ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ መጣ። ጊዜው ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምቱ የሚዘጋጁበት ነበር። በከተማው በር ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሞ ነበርና፥ ጽሕፈቱ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ንጉሡ የአዱሊስን ገዥ ባዘዙት ጊዜ፥ ገዥው ሥራውን ለኮስማስና ለጓደኛው ለሜናስ ሰጣቸው። ኮስማስ ምድር ክብ ናት የሚሉትን የሚነቅፍ፥ በሊቅነቱ የማይታመኑበት ነገር ብዙ የሆነ ሰው ነው። በመገልበጡ ግን ታማኝ ሆኖ ተገኝቷል።

በዙፋኑ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በግሪክኛ ዘርዝሯል። ከመካከላቸውም ጋዜ፥ አጋሜ፥ አገው መሆኑ የሚታመነው አታጋዎስና ሰሜን ይገኙባቸዋል። ስለ ሰሜን ሰዎች ሲናገር፥ ከወንዙ ማዶ፥ ለመሄድ በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ፥ በዚያም ዘወትር ብርድና ውርጭ እንዳለ፥ በረዶውም ሰውን እስከ ጕልበቱ እንደሚያሰጥም ጽፏል። ወንዙን ጽሕፈቱ ኒሎስ ይለዋል፤ ሊቃውንት ግን ተከዜ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሄሮዶቱስ «ከዚያ አገር በረዶ እንዴት ይገኛል?» ብሎ የካደውን ነገር በአገሩ የዘመተው ንጉሥ በድንጋይ ላይ መሰከረ። የዓባይ ሙላት ከበረዶ የመጣ አለመሆኑ እርግጥ ነው፤ በረዶ የለም ማለትም ስሕተት ነበር።

ያ ዙፋን ዛሬ የለም። ዛሬ የሚገኘው ኮስማስ የገለበጠው ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ ሁለት ቀን ተቀምጦም ይሁን አንድ ሳምንት ያንን ጽሕፈት በጥንቃቄ ባይገለብጥ ኖሮ፥ አጋሜና ሰሜን የሚሉት ስሞች ከዚያን ያህል ዘመን ጀምሮ ሲጠሩ መኖራቸውን የሚነግረን ይህ ምስክር ባልተገኘም ነበር።

ስሙን የተቀበለው ንጉሥ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ስሙን ግሪኮች ካወጡት፥ የእኛ የሆነው መቼ ነው?

በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ድል ማድረጉን በአክሱም ድንጋይ ላይ ያጻፈው በግእዝ፥ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ነበር። በግእዙ ከሚገዛቸው አገሮች መካከል «ሐበሠት» ተብሎ የተጻፈው፥ በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ተብሎ ተተርጕሟል። ይህን ያደረገው የሩቅ ባለቅኔ አይደለም፤ ራሱ የአገሩ ንጉሥ በራሱ ከተማ ነው። በሆሜር ዘንድ የዓለም ዳር የነበረው ስም በኢዛና ድንጋይ ላይ የመንግሥት ስም ሆነ። በኋላም ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ ኩሽ የሚለውን ቃል በብዙ ስፍራ ኢትዮጵያ ብሎት ስለ ነበር፥ ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በተመለሱ ጊዜ ስሙ በጸሎትና በመዝሙር ከሕዝቡ አፍ ገባ። ካህኑ በማኅሌት፥ እናት በጸሎቷ፥ ወታደር በዘመቻው ሲጠራው የኖረን ስም «ባዕድ የለጠፈው» ማለት አይገባም። መነሻው ከግሪክ ቢሆንም፥ ግሪኮች ለማይታወቅ አገር የሰጡትን ስም ለሚታወቅ አገር ያደረገው የእኛ ሕዝብ ነው።

ያው ኢዛና በኖባ ላይ ስለ ዘመተው ዘመቻ ባጻፈው በሌላው ጽሕፈት ደግሞ፥ ጦሩ ሴዳና ተከዜ ከሚገናኙበት ቦታ መድረሱን፥ በዚያም ዙፋን ማቆሙን ይናገራል። ይህ ከላይ እንዳልነው ሁለቱ የእብናት ጠብታዎች የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን ልብ ይሏል። ግሪኮች አስታቦራስ ያሉትን ንጉሡ በገዛ አገሩ ስም ተከዜ አለው። አስታቦራስ አትባራ በሚለው ስም ውስጥ ጥላው ቀርቶለታል፤ ተከዜ ግን ከዚያ ድንጋይ ወዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ዛሬም የእብናት ሰው በዚያው ስሙ ይጠራዋል። የውጭ አገር ተጓዦች የዓባይን መነሻ «አገኘን» ብለው ሲጽፉም፥ ጰድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ጄምስ ብሩስም በ1770 ግሽ ዓባይ በደረሱ ጊዜ፥ መንገዱን ያሳያቸው ሰው ስሙን ያውቀው፥ በጸበሉም ይጠመቅበት ነበር።

በሠፈራችን ያሉ ስሞች

ከሩቅ ወደ ቅርብ ስንመለስ፥ ስም ከአገር አገር መሄዱ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ደብረ ታቦር ስሙን ያገኘው በገሊላ ከሚገኘው፥ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠበት ከምንለው ተራራ ነው። በጎረቤታችን በላስታ፥ በላሊበላ፥ ዮርዳኖስና ጎልጎታ አሉ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ሴባስቶፖል በክሪሚያ የሚገኝ ከተማ ሲሆን፥ ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ፥ ክቡር ከተማ ማለት ነው። የንጉሡም ስም ራሱ ግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙም የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። መድፉ በ1868 መቅደላ ደርሶ እስከ ዛሬ በዚያው ይገኛል። ደብረ ታቦርን ግን ገሊላ ነው የሚል የለም፤ ሴባስቶፖልንም ክሪሚያ ነው የሚል የለም። የተቀበሉት ሰዎች የራሳቸው አድርገውታልና።

እነዚህ ታላላቅ ስሞች መጽሐፍ ስለ ያዛቸው አይጠፉም። እኛን የሚያሳስበን የትንንሾቹ ነገር ነው። በሥራችን ምክንያት ባየነው በአንድ አሮጌ መዝገብ ውስጥ የአንዲት ጅረት ስም በሦስት ገጽ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘን። አንዱ ጸሐፊ አንድ ፊደል ጥሎ፥ ሌላው የሰማውን ለራሱ እንደ ተመቸው ለውጦ ጽፎታል። ትክክለኛውን ለማወቅ ወደ አገሩ ሽማግሌ ሄደን ብንጠይቅ፥ ሦስቱም እንዳልሆኑ ነግረው፥ ስሙን ከነታሪኩ አስረዱን። እኒያ ሽማግሌ ባይኖሩ ኖሮ ከሦስቱ ስሕተቶች አንዱ እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እኛ ፕሴቦን እንደምንፈልግ ያችን ጅረት ሲፈልግ ይኖር ነበር።

ስለዚህ በየወረዳው ያለን ጸሐፊዎችና መምህራን ከጥንት ግሪኮች ሁለት ነገር ልንማር ይገባናል። ከሆሜር፥ ሩቅ ሆኖ የተሰማ ወሬ ምንም ቢያምር ስፍራ እንደማይሆን እንማር። ከኮስማስ፥ ከፊታችን ያለውን እንዳለ መገልበጥ ከብዙ ሊቅነት እንደሚጠቅም እንማር። የወንዝ፥ የጋራና የመስክ ስም በምንጽፍበት ጊዜ፥ የአገሩ ሰው እንደሚጠራው በትክክለኛው ፊደል መጻፍ፥ ትርጉሙንና ታሪኩን ከሽማግሌ መጠየቅ፥ ሁለት ስም ካለው ሁለቱንም መመዝገብ፥ ውሃውም ወዴት እንደሚወርድ ማመልከት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

ግሪኮች ስለ ኢትዮጵያ ከጻፉት ብዙው የእኛ አይደለም፤ ጥቂቱ የእኛ ነው። ያ ጥቂቱ ግን ዝናማችን፥ ወንዛችን፥ ተራራችንና በረዶአችን ስለ ሆነ፥ የሌላውን ሳንጨምርበት ይበቃናል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት እውነት ይሆናል፤ እንዳይጠፋ ጽፎ የሚያኖረው ግን ሰው ነው።